ከዓሦቹ ሥር

እህቴን ሰፈሩ የሚያውቃት በስሟ አይደለም፤ «ቀስ በሉ» ነው የሚሏት። ወደ መሥሪያ ክፍሏ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ደንበኛም ይሁን ጎረቤት፣ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። «ደህና ዋላችሁ» እንኳን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ በር ላይ አግኝቶኝ፣ ምንም ሳይስቅ፣ «ቀስ በሉ አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። አለች አልኩት። ቀስ ብሎ ገባ።

እኔ ታላቋ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። በዓመቱ ባሌ ሞተና ባዶ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ማውራት ስጀምር፣ «እትዬ፣ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ነይ» አለችኝ። መጣሁ፤ ይኸው አራት ዓመቴ። ቤቱ የሷ ነው። ከፊት ሁለት ክፍል አለው፣ ከጓሮ ደግሞ ድሮ መኪና ማቆሚያ የነበረ አሁን መሥሪያዋ የሆነ ሰፊ ክፍል። አንዲት ልጅ አለቻት፤ አግብታ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ትኖራለች። እኔ አልወለድኩም፤ ስለዚህ የእህቴ ልጅ ልጄ ናት። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ጥርስ ስታወጣ የነከሰችው የኔን ጣት ነው። እስከ ዛሬም «ትልቋ እማዬ» ነው የምትለኝ።

የእህቴን ሥራ ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ቀለም ዝርግ መስታወት ታመጣና ጠረጴዛው ላይ ታጋድመዋለች። ጫፏ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጎማ ባላት መቁረጫ አንድ ጊዜ ብቻ ትጭረዋለች፤ ሁለት ጊዜ አይጫርም። ከዚያ በጭረቱ ግራና ቀኝ ይዛ ትጫነዋለች፣ ጠቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ጭረቱ ደህና መሆኑን የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው፤ ስለዚህ ስትቆርጥ ሬዲዮ አይከፈትም፣ እኔም አላወራም፣ ለኔ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁርጥራጮቹን ቀለም በሌለው መስታወት ላይ ደርድራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ታስገባቸዋለች። እዚያ ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። ማቅለጡ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ጭንቁ ማብረዱ ላይ ነው። አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ሙቀቱን በጥቂት በጥቂቱ ትቀንሰዋለች። እስከዚያ ማንም ምድጃውን አይነካም። እኔ ማስነጠስ ሲመጣብኝ እንኳን ወደ ግቢ እወጣለሁ።

ከሥራ ውጭም ዓይኗ አያርፍም። ገበያ አብረን ስንሄድ እኔ ሽንኩርት ስመርጥ እሷ የባለሱቁን መስኮት ትመረምራለች። «እትዬ፣ ያቺን ጥግ አየሻት? ምስማሩ አጥብቆ ይዟታል፤ ብዙ አትቆይም» ትለኛለች። ባለሱቁ ስለ ሽንኩርቱ የምንማከር መስሎት ዋጋ ይቀንሳል። ያየችውን ማታ ማታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። አንድ ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ አስተማሪ ነኝ፣ የተከፈተ ደብተር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። «ማክሰኞ። ውሃ ውስጥ የቆመች ማንኪያ ከወገቧ ተሰብራ ታየችኝ።» «ዓርብ። እትዬ ልብስ ስታጥብ ክንዷ ላይ አረፋ ቀርቶ ነበር። አረፋው ውስጥ መስኮታችን ከነፍርግርጉ አለ። እትዬ ግን አልነበረችም።» ይቺ የመጨረሻዋ ለጥቂት ቀን አስኮርፋኝ ነበር።

ስለ ጠባይዋ አንድ ነገር ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ጎልማሳ ረዳት ነበራት። እጁ ጥሩ ነበር ትላለች። አንድ ቀን ሳህን ሸረፈና በማጣበቂያ አጣብቆ መደርደሪያው ላይ መለሰው። አገኘችው፤ በዚያው ቀን አሰናበተችው። «እኔም እኮ እሰብራለሁ» አለችኝ ስታጫውተኝ። «ከሰበረ ሰው ጋር እሠራለሁ። ከደበቀ ሰው ጋር ግን አንድ ጣራ ሥር አልውልም።» ያኔ፣ ዓይኔን ሳላሽ፣ «ደግ አደረግሽ» ብያት ነበር።

ከዚያ ልጃችን ወለደች። ሴት ልጅ። እህቴ ልትረዳት ሄዳ ሦስት ሳምንት ቆየች፣ እኔ ቤት ልጠብቅ ቀረሁ። ብቻዬን ስሆን እጄ አያርፍም። መጋረጃውን አጠብኩ፣ ቁምሳጥኑን ገለበጥኩ፣ የምጣዱን ቂጥ ሳይቀር ፈተግኩ። የሚጸዳ ነገር ሲጠፋ መሥሪያ ክፍሏ ገባሁ።

መስታወቶቹ በእንጨት መደርደሪያ ውስጥ እንደ መጽሐፍ ቆመዋል፤ አቧራቸው በጣት ይጻፍበታል። ወፍራም ጓንት አጥልቄ፣ አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ በሳሙና ውሃ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ መለስኳቸው። ሃያ ስድስት ነበሩ። አንድም አልሰበርኩም፤ ኩራቴ አይጣል ነው። የመጨረሻውን መልሼ ጨርቁን ስጨምቅ ጨርቁ ላይ ነጭ ሰም አየሁ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። በየመስታወቱ ጥግ በነጭ የሰም እርሳስ የተደረገ ምልክት ነበረ፤ አንዳንዱ ላይ ክብ፣ አንዳንዱ ላይ ኤክስ። ሁሉንም ጠርጌ አጥፍቻቸዋለሁ።

ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። የመጣበትን ሱቅ የምትለይበት መሰለኝ። እርሳሱን ከመሳቢያዋ አወጣሁና መልሼ እሥል ጀመር። አብዛኛው ትዝ አለኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብተር ያረመ ሰው ኤክስ የት ጋ እንዳየ አይረሳም። ቀዮቹ ክብ፣ አረንጓዴዎቹ ኤክስ፣ ቢጫዎቹ ክብ። ያስቸገሩኝ ሁለት ሰማያዊዎች ናቸው። አንደኛው ክብ፣ አንደኛው ኤክስ እንደነበር አውቃለሁ። የትኛው ምን እንደነበር ግን ጠፋኝ። ሁለቱን መስኮት ላይ ይዤ አየኋቸው። አንዷ ደመቅ ትላለች፣ ታምራለች። ክቡን ለሷ ሰጠኋት። በማስተማር ዘመኔ ለመልኩ ብዬ ማርክ የሰጠሁት ተማሪ የለም።

እህቴ ስትመለስ መደርደሪያውን አይታ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ስለ ሕፃኗ ጣቶች እያወራች ነበር፤ እንዴት ረጃጅም እንደሆኑ፣ የማን እንደሆኑ። ነገ እነግራታለሁ አልኩና ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ ረሳሁት።

ከሁለት ወር በኋላ ከኛ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ አዲስ የተከፈተ የሕፃናት ክሊኒክ ሥራ ሰጣት። ከተራ መጠበቂያው ክፍል ጣራ ላይ የሚንጠለጠሉ ዘጠኝ ዓሦች። መርፌ የሚፈሩ ልጆች ወደ ላይ እያዩ እንዲረሱ ነው። እያንዳንዱ ዓሣ አንድ ክንድ ይረዝማል፣ ሲያነሡት ይከብዳል። ሦስቱ ቀይ፣ ሦስቱ ቢጫ፣ ሦስቱ ሰማያዊ። አምስት ሳምንት ስትሠራቸው የምግብ ጠረጴዛችንን ወረሷት፤ እኛ ጥግ ላይ ተጠጋግተን እንበላ ነበር። ከሰማያዊዎቹ ትልቁ በኔ ወንበር ፊት ነበር የተኛው፤ እኔ ስበላ ያየኝ ነበር።

በተሰቀሉ ቀን ክሊኒኩ ትንሽ ዝግጅት አደረገ። እኔ ብስኩት አዞር ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ አጠር ያለች፣ ጥያቄ የማታልፍ ዶክተር ናት። ወደ ላይ ትክ ብላ አይታ እህቴን፣ «ሽቦው ቢያረጅስ?» አለቻት።

«ሽቦው የእያንዳንዱን ክብደት አሥር እጥፍ ይችላል፤ አያሳስብዎት» አለች እህቴ።

«መስታወቱ ራሱስ?»

እህቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ትወዳለች። «መስታወት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሲሞቅ የሚለጠጥበት፣ ሲበርድ የሚኮማተርበት ልክ ይለያያል። የማይስማሙ ሁለቱ አብረው ከቀለጡ፣ ሲበርዱ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። ላዩ ደህና ይመስላል። ሳምንትም፣ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። አንድ ቀን ግን ፀሐይ ሲያገኘው ወይ ብርድ ሲመታው፣ ማንም ሳይነካው ይፈነዳል። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ስገዛው ቀለም ከሌለው ጋር በቁራጭ የምፈትነው። የተስማማው ላይ ክብ፣ ያልተስማማው ላይ ኤክስ አደርጋለሁ። ክብ ካየሁ ዳግመኛ አልፈትነውም፤ ኤክሱን ደግሞ ከሌላ ጋር አላቀልጠውም።»

ክው አልኩ። ሰው ያጨበጭባል። ወደ ላይ አየሁ። ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ከአንድ አግዳሚ ወንበር በላይ ቀስ እያለ ይዞራል። ወንበሩ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ታጠባለች።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ይህን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም። ግን ብስኩት ማዞሬን ቀጠልኩ። አንድ ጣራ ሥር አልውልም ያለችው ቃል ጆሮዬ ላይ ቆመ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ቤት ሌላ የምሄድበት የለኝም፣ ከሷ ሌላ «እትዬ» የሚለኝ የለም። ደግሞም ግምቴ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ከሁለት አንዱ ነው ብዬ ራሴን አባበልኩ። ተማሪዎቼን ሳታውቁ አትገምቱ እያልኩ ስንቱን አስለቅሻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ትልቁ ሰማያዊ ዓሣ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሁለተኛው ሥር ቦርሳዬን፣ ከሦስተኛው ሥር ጃንጥላዬን አኖርኩ። ከወደቀ እኔ ላይ ይውደቅ ብዬ ወሰንኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ከመናገር እሱ ስለቀለለኝ ነው።

ለእህቴ፣ ለጉልበቴ በእግር መሄድ ታዘዘልኝ አልኳት። «ጎሽ» አለችኝ። ጠዋት ወጥቼ ለምሳ እመለሳለሁ፣ ምሳ በልቼ ደግሞ እሄዳለሁ። «ጉልበትሽ ሊሮጥ ነው እንዴ ያሰበው?» አለችኝ በአራተኛው ቀን። ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም አስጠላኝ።

ዘበኛው ሽማግሌ ነው፣ ሰው አክባሪ። የመጀመሪያው ቀን «እማማ፣ ማንን ይዘው መጡ?» አለኝ። የሕፃናት ክሊኒክ ነው፣ እኔ ደግሞ ሕፃን የለኝም። የእህቴ ልጅ ልጇን ይዛ ትመጣለች አልኩት። ሁለተኛው ቀን ዘገየች አልኩት። ሦስተኛው ቀን አየሩ ይስማማኛል አልኩት። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ትቶ የራሱን ትራስ ከጥበቃ ክፍሉ አምጥቶ ከጀርባዬ አደረገልኝ። እንደዚያ ትራስ ያሳፈረኝ ነገር የለም።

እናቶቹን ማስነሣት ነበር ሥራዬ። አንዷን ነፋስ ይገባል አልኳት፣ ሌላዋን ቀለሙ አልደረቀም። አንዲት መንታ የያዘች ሴት ጃንጥላዬን አንሥታ ልትቀመጥ ስትል፣ ወንበሩ ላይ ልጅ አስታውኮበት ነበር ብዬ አስነሣኋት። መንታዎቹን እንዳቀፈች ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ወንበሬን አልሰጠኋትም። ክፉ አሮጊት ብላ ሄዳለች፣ አልፈርድባትም።

ፍርሃት ከሁሉ በላይ የገባው ጆሮዬ ውስጥ ነው። የክሊኒኩ ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሲመታው ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በያንዳንዱ ጠቅታ አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ይገባል። ቤት ገብቼም ያው ነው። እህቴ መስታወት ስትቆርጥ ያ ድሮ የለመድኩት ድምፅ ልቤን ድው ያደርገዋል። ብርጭቆ ሲቀመጥ እደነግጣለሁ። ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። «እትዬ፣ ከሳሽ» አለችኝ አንድ ቀን። «ያ ሁሉ መንገድ በዝቶብሽ ነው፤ ተይው።» እሺ አልኩና ጠዋት ወጣሁ።

አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሄደ። በአሥራ አንደኛው ቀን ደመናው ተገፎ ፀሐዩ በላይኛው መስኮት ገባ፤ ትልቁ ዓሣ ውስጥ አልፎ ወለሉ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ጣለ። መራመድ የጀመረ አንድ ልጅ ከእናቱ ጉልበት ወርዶ እየተንገዳገደ መጣ። ብርሃኑ ጋ ሲደርስ ቁጢጥ አለና ከወለሉ ላይ ሊያነሣው በጣቶቹ ይቧጥጥ ጀመር። ብርሃኑ ያረፈው ከወንበሬ ፊት ነው፤ ዓሣው ሲዞር ጭራው በልጁ ራስ ትክክል ይመጣል። ጣራው ጠቅ አለ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ልጁን አፈፍ አድርጌ ግድግዳው ድረስ ሮጥኩ። ልጁ ጮኸ። እናቱ ደርሳ፣ «ልጄን ይልቀቁልኝ፣ ምን ሆነዋል?» ትለኛለች። አልለቀቅሁም። ወደዚያ አታምጪው፣ ወደዚያ አታምጪው እላለሁ። ዘበኛው መጣ፣ ዶክተሯ መጣች። ምን ያህል አጥብቄ እንደያዝኩት ያወቅሁት ጣቶቼን አንድ በአንድ ሲያላቅቁኝ ነው። የልጁ ክንድ ላይ የጣቴ ቅርጽ ቀልቶ ቀርቷል።

ዶክተሯ ክፍሏ አስገብታ ውሃ ሰጠችኝ። ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ «እማማ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለችኝ።

ገባኝ። አእምሮዬን እየፈተነች ነው። «ሐሙስ» አልኳት። «ስንት እንደሆነም ልንገርሽ?»

«ታዲያ እዚህ በየቀኑ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

የሰጠችኝን ውሃ ጠጣሁ። ስልኳን አንሥታ እህቴ ጋ ደወለች።

እህቴ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ከነሽርጧ፣ በአንድ እግሯ የቤት ነጠላ ጫማ በአንዱ የሥራ ጫማ አድርጋ ገባች። ፊቴ በርከክ ብላ ሁለት እጄን ያዘች። እጇ በጭረት የተሞላ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የማውቀው እጅ። «እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ለምን አልነገርሽኝም? አመመሽ?»

ከዚያ በላይ ደግነቷን መቀበል አልቻልኩም። «አላመመኝም» አልኳት። «ያንቺን ምልክቶች አጥፍቻቸዋለሁ። መስታወቶቹን ሳጥብ ጠፉ፤ ከትዝታዬ መልሼ ሣልኳቸው። የሁለቱን ሰማያዊዎች አላስታወስኩም። ገምቼ ነው።»

እጄን ለቀቀችው። አልወረወረችውም፤ ጉልበቴ ላይ መለሰችልኝ።

«መቼ?»

«ልጅቷ የወለደች ጊዜ። ስትሄጂ።»

«ክቡን የትኛዋ ላይ አደረግሽው?»

«ደመቅ ያለችዋ ላይ።»

ተነሣች። ዶክተሯን፣ «ሰዎቹን ከዚያ ክፍል ያውጡልኝ፣ አሁኑኑ» አለቻት። ዘበኛውን መሰላል ጠየቀችው፤ እኔም ተከትያት መጠበቂያው ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን መሰላሉን ራሷ ወጣች፣ ሌላ ሰው እንዲነካ አልፈቀደችም። ሦስቱን ሰማያዊ ዓሦች አንድ በአንድ፣ እንደ ተኛ ልጅ ደረቷ ላይ አስደግፋ አወረደችና የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አጋደመቻቸው። ከሽርጧ ኪስ ሁለት ጥቁር ስስ ፕላስቲኮች አወጣች። መነጽሯን ብትረሳ እነሱን አትረሳም። አንዱን ከመስታወቱ ሥር፣ አንዱን ከላይ አድርጎ የላይኛውን ሲያዞሩት ሁሉ ነገር ይጨልማል። መስታወቱ ጤነኛ ከሆነ ጨለማው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ውስጡ የሚጓተት ነገር ካለ ያበራል።

የመጀመሪያውን ዓሣ መስኮቱ ላይ አስደግፋ የላይኛውን ፕላስቲክ አዞረችው። ጨለመ። ሰማያዊው ቀለም ከሌለው መስታወት ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን ግን ነጭ ብርሃን ቦግ አለ።

«ያምራል» አለች ዶክተሯ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት።

እህቴ አልመለሰችላትም። ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛውንም አየች። ሁሉም ያበራሉ። ፕላስቲኮቹን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አኖረቻቸው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከሁለት አንዱ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብልበት የነበረው ነገር አለቀ። ገብቼ ያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቷን ስትመልስ ጓዝሽን ጠቅልይ እስክትለኝ እጠብቅ ነበር። ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ውስጤ ቀለል ብሎኛል። ወርደዋል። ማንም አልተጎዳም። ከእንግዲህ የፈለገችውን ታድርገኝ አልኩ።

ፊቷን መለሰች። እኔን ግን አላየችም። ከንፈሯ ነጥቷል።

«የተረፈው» አለች።

«የምኑ?» አልኳት።

«የሰማያዊዋ ትራፊ። አራት ወፍ ሠራሁባት። በክር የሚንጠለጠሉ። ለሕፃኗ።» እየቆራረጠች ነበር የምትናገረው፣ ራሷ እየሰማችው። «አንቺ ከሠራሽላት ሹራብ ጋር ላክሁላት። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከችልኝ፤ ከአልጋዋ በላይ ሰቅለዋቸዋል። ላሳይሽ ስል ወጥተሽ ነበር።»

ወጥቼ ነበር። እዚህ ነበርኩ። የሰው ልጆች ራስ ልጠብቅ እዚህ ተቀምጬ ነበር።

ስልኩን ከሽርጧ ስታወጣ ከእጇ ወደቀ፤ እጇ ነገር ሲጥል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ዘበኛው አንሥቶ ሰጣት። ደወለች። ድምፁን ሁላችንም እንሰማዋለን። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና ደወለች። ዶክተሯ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ቆጠርኩ፤ ስምንት ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ። ያቺን ልጅ በዓይኔ አላየኋትም፤ ጣቶቿ ረጃጅም መሆናቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

በሦስተኛው ተነሣ። ልጃችን በሹክሹክታ፣ «እማዬ፣ ምነው? አሁን ገና ነው የተኛችልኝ» አለች።

«የት ነው የተኛችው?» አለች እህቴ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ምንም የለበትም።

«አልጋዋ ላይ ነዋ።»

«አሁን ሂጂና አንሺያት። ስልኩን አትዝጊ። ወፎቹን እንዳትነኪያቸው፣ መጀመሪያ ልጅቷን።»

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ...»

«ልጅቷን አንሺያት፣ ልጄ።»

የእግር ኮቴ ሰማን። በር ሲከፈት ሰማን። ከዚያ ምንም አልሰማንም። ያ ዝምታ ስንት እንደቆየ እህቴን ብትጠይቋት ሌላ ትነግራችኋለች፤ ለኔ ግን የማስተማር ዘመኔን ያህል ነበር። ዘበኛው መሰላሉን እንደያዘ ዓይኑን ጨፍኗል።

ሕፃኗ አለቀሰች። ከእንቅልፏ የቀሰቀሷት ልጅ የምታለቅሰው፣ የንዴት ልቅሶ ነው፣ የሕመም አይደለም። ያን ልዩነት ያልወለድኩት እኔም አውቀዋለሁ። እህቴ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ይዣታለሁ» አለች ልጃችን። አሁን እሷም ታለቅሳለች። «ምንድን ነው? ወፎቹ ምን ሆኑ? እማዬ፣ አስደነገጥሽኝ እኮ፣ ማን ምን አደረገ?»

እህቴ ከግድግዳው ቀና ብላ አየችኝ። ከነገርኳት ጊዜ ጀምሮ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። መጥታ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ያንቺም ልጅ ናት» አለችኝ። «አንቺ ንገሪያት።»

ስልኩ እጄ ላይ ሞቃት ነበር። «ትልቋ እማዬ ነኝ» አልኩ። ሕፃኗ አሁንም ታለቅሳለች። ዝም እስክትል ልጠብቅ ብዬ አሰብኩ። አልጠበቅሁም፤ ልቅሶዋን እየሰማሁ ነገርኳት።